በወስፌ የተበየደችው መኪና

መኪናዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በጊዜው ተናግሬው ቢሆን ኖሮ የቀረውን መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር።

የማወራው ስለሚነዳ መኪና አይደለም። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ነው። መሪ አላት፣ ወንበር አላት፣ አትሄድም።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መሐል ሜዳ ውስጥ አስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት ከውጭ አገር የተለገሱ መጻሕፍት በካርቶን መጡ። አብዛኞቹ ለእኛ የሚሆኑ አልነበሩም፤ ስለ ባሕር ዓሣ፣ በበረዶ ላይ ስለ መንሸራተት የተጻፉ ናቸው። ከአንዱ ካርቶን ሥር ግን መጽሐፍ ያልሆነ ሣጥን ተገኘ። ክዳኑ ላይ የመኪና ሥዕል አለ። መኪናዋ የድሮ ናት፤ ኮፈን የላትም፣ ሞተሯ ተገልጦ ይታያል፣ የኋላ ጎማዎቿ ግዙፍ ሆነው የፊቶቹ ትናንሽ ናቸው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሣጥኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ኮፈኗን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሰርቀውባት ነው» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«የፊት ጎማዋን ደግሞ ከጋሪ ነው የተበደረችው» አለ ሌላው።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ጽሑፉን አንብቦ «ሆት ሮድ ይላል፤ ትኩስ ዘንግ ማለት ነው» አለን። ማብራሪያ የጠየቀው የለም። እንደዚህ ያሉ አሮጌ መኪኖችን ሰዎች ገዝተው፣ ሞተር ቀይረው፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አውልቀው ለፍጥነት እንደሚያዘጋጇቸው የገባኝ ኋላ ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሥዕል በሥዕል ስከተል።

ርዕሰ መምህሩ ሣጥኑን ወደ እኔ ገፋው። «ማዕከል አስቀምጪው» አለኝ።

ማዕከል የምንለው የትምህርት መርጃ መሣሪያ የሚሠራበትን ክፍል ነው። ጠዋት በፈረቃዬ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ገብቼ የካርቶን ሰዓት፣ የጭቃ ተራራ፣ የፊደል ገበታ እሠራለሁ። የማዕከሉ ኃላፊ የእደ ጥበብ መምህሩ ነበር። ቁልፉን የሚይዘው እሱ ነው። ከቁልፉ ሌላ የያዘው ነገር አላየሁም።

ያን ዓመት ለትምህርት ቤታችን አንድ የክረምት ዲፕሎማ ቦታ እንደሚሰጥ ተነግሮን ነበር። የሚመረጠው በሦስት ነገር ነው፦ በአገልግሎት፣ በግምገማ ውጤትና በኤግዚቢሽን ላይ በሚቀርብ የፈጠራ ሥራ። በአገልግሎት የሚበልጠኝ አልነበረም። ግምገማዬም እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። የፈጠራ ሥራ የሚለው መስመር ላይ ግን የምጽፈው አልነበረኝም። የካርቶን ሰዓት የፈጠራ ሥራ አይባልም።

ቦታውን ለምን እንደፈለግሁት ልናገር። ዲፕሎማ ያለው መምህር ዝውውር መጠየቅ ይችላል። መሄድ እፈልግ ነበር። ስለ ትዳሬ እዚህ የምጽፈው ነገር የለም። ከቤቱ ወጥቼ ቤት ተከራይቼ ነበር፣ የቀድሞ ባለቤቴ ቤት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ይህ ይበቃል።

ቤቱን የተከራየነው ከአንዲት መምህርት ጋር ነበር። እሷ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። በአንድ ድስት እናበስላለን፣ በአንድ የሱፍ ባና እስከ መተኛት የደረስንበት ብርድ ነበር። ያን ጊዜ ጓደኛዬ እላት ነበር።

ሣጥኑን ማዕከል ወስጄ ከፈትኩት። ዕቃዎቹ ገና አልተለያዩም፤ ልክ በገብስ ዛላ ላይ እንዳለ ፍሬ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ አጠገብ ቁጥር አለ፣ በወረቀቱ ላይም ያው ቁጥር አለ። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ሥዕሉ ልብስ እንደሚሰፋበት ልክ ነው፤ ይህ ከዚህ ጋር፣ ያ ከዚያ ጋር። በምላጭ እየቆረጥኩ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ሞተሩ ብቻ ሃያ ምናምን ቁራጭ ነበር።

ማጣበቂያው ቱቦ ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በመርሐቤቴ በኩል ቆላ ወርዶ የሚነግድ ሰው ሙጫ አመጣልኝ። በውሃ ሟሙቶ ይይዛል፣ በሁለተኛው ቀን ደርቆ ይላቀቃል። ሦስት ጊዜ አጣብቄ ሦስት ጊዜ ተለያየ። አራተኛውን ጊዜ ስፌት የምሰፋበትን ወስፌ ከሰል ላይ አግዬ የመገጣጠሚያውን ጠርዝ ነጥብ ነጥብ እያደረግሁ ወጋሁት። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሌላው ጋር ተዋሐደ። ሲበርድ ለመለያየት በጥርሴ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ሙሉዋን መኪና እንዲሁ በየድኳት። ወስፌው ብዙ ከጋለ ይበሳል፣ ካልጋለ አይዝም። ከከሰሉ አውጥቶ አምስት መቁጠር ነው። ስፌት የምታውቅ ሴት ስፌቱ ላይ ስታተኩር እንደምትሆነው፣ እኔም ስበይድ ምንም አላስብም ነበር። ስለዚያ ጊዜ የማስታውሰው ደስታ ሳይሆን ይህንን ነው፣ ምንም አለማሰቡን።

ጓደኛዬ ሽታውን አልወደደችውም። «ሰው ቤት ወጥ ይሸታል፣ እኛ ቤት የተቃጠለ ጫማ» ትለኛለች። ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ቁራጮቹን በቁጥራቸው ትደረድርልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እንድትመሰገን ብዬ አይደለም። ማን እንደሠራት በዓይኗ ማየቷ እንዲታወቅ ነው።

ሻንሲው ተበይዶ ሲያልቅ ለርዕሰ መምህሩ አሳየሁት። በሁለት ጣቱ አነሳት።

«ይህቺ እኮ ከሣጥን የወጣች ናት» አለኝ። «ለኤግዚቢሽን የሚቀርብ ከአካባቢ ቁሳቁስ መሆን አለበት። መመሪያው ነው።»

«ብለውጠውስ?»

«ለውጪያት፣ እናያለን።»

ለወጥኳት። የፊት ጎማዎቹ ሲጀመርም ሣጥኑ ውስጥ አልነበሩም፤ ከጤና ጣቢያ የፔኒሲሊን ጠርሙስ የጎማ ክዳን ለምኜ ሁለቱን ቸርኬዎች አለበስኩበት፣ ልክ ሆነ። በወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ሁሉ፣ ማርሚታውም ቸርኬውም፣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ተሸፈነ። ወረቀቱን በጥፍር ሲያሹት ከብረት አይለይም። ፓኮውን የማገኘው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጀርባ ነው። እዚያ ተደብቆ እንደሚያጨስ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም አናውቅም። ቀለሙን ጥቁር ሰሌዳ እንደምናጠቁርበት ከባትሪ ድንጋይ ከሰል ወቅጬ ሠራሁት። የፕላስቲኩን ወንበር አውጥቼ በአክርማ ወንበር ሰፋሁላት፣ ቀይና ቢጫ። የሰፌድ መሃል እንደሚጀመር ጀምሬ፣ መደገፊያው ላይ አቆምኩት።

የተገለጠው ሞተር ግን እረፍት ነሳኝ። በመንዝ ብርድ ሞተሩን ገልጦ የሚያድር መኪና ጠዋት አይነሳም። ሾፌሮቹ ማታ ማታ ፊቱን በጆንያና በካርቶን ሲሸፍኑ ነው የማውቀው። ስለዚህ ከጥቁር በግ ሱፍ ፈትዬ የጣት ያህል ባና ሠራሁና ሞተሩ ላይ ደረብኩላት፤ ሲፈለግ ይገለጣል። ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ከሽቦ ፖርቶ መጋላ ሠራሁ፣ በላዩም ከሱፉ ትራፊ የሠራኋቸውን ሁለት በጎች አሰርኩ። ከመሐል ሜዳ የሚወጣ አውቶቡስ ያለ በግ አይወጣም። የሣጥኑ ክዳን ላይ ካለችው መኪና ጋር ጎን ለጎን ሳስተያያት አንድ አልነበሩም። ያቺ ለመሮጥ የተሠራች ናት። ይህቺ ደብረ ብርሃን ለመድረስ።

የቀረኝ ቫርኒሽ መቀባት ብቻ ነበር።

ግምገማው የመጣው ያኔ ነው። ያን ዘመን የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ላልሠራ ልንገር። መምህራን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። የአንዱ ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን ይናገሩበታል፣ ከዚያ እሱ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል። የተባለውን ከተቀበለ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ካልተቀበለ ይቀጥላል። ሁለት ቀን የቀጠለበት ሰው አውቃለሁ። ርዕሰ መምህሩ ይመራል፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ደግሞ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ የእደ ጥበብ መምህሩ ነበር።

ስሜ የተጠራው በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ሰው ሁሉ በርዶታል። በጠንካራ ጎን ሁለት ሦስት ሰው ተናገረ፤ ሰዓት ታከብራለች፣ ሰው አታስቀይምም። ከዚያ ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

«ጎበዝ ናት» አለች፣ እኔን ሳታይ። «ለራሷ ብዬ ነው የምናገረው። የመንግሥት ሰዓት በመጫወቻ ታባክናለች። ከሰዓት በኋላ ማዕከል ስትገባ የምትሠራው ለተማሪ የሚሆን ነገር አይደለም። መኪና ነው የምትሠራው። ቤትም ይዛው ትመጣለች፣ የመንግሥት ንብረት ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የሳቀ አለ። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ትቀበያለሽ ወይስ አትቀበይም?»

አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር «ተቀበይና እንሂድ፣ እግሬ ደንዝዟል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለኤግዚቢሽን ነው» አልኩ።

«ጥያቄው እሱ አይደለም። የተባለውን ትቀበያለሽ?»

ብዙ ሰው ሲያደርገው አይቼ ነበር። ተቀብያለሁ ትላለህ፣ ይጻፋል፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ በማግስቱ ሥራህን ትቀጥላለህ። ያልተቀበለ ነው የሚጎዳው። የተቀበለ ማረሙ ተመዝግቦለት ነጥቡ ይጠበቃል። እኔም ነጥቤን ልጠብቅ ብዬ ነው። ተነሥቼ «ተቀብያለሁ» አልኩ። «መጫወቻ ነው። ስህተት ነው። ለማዕከሉ አስረክባለሁ፣ ከእንግዲህ አልነካውም።» ማንም ያን ያህል እንድል አላስገደደኝም። አንዴ ከተጀመረ አፍ ይቀጥላል። የእደ ጥበብ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፣ አነበበልኝ፣ ፈረምኩ።

ቤት ስንደርስ ጓደኛዬ ሽሮ ሠራች። «ተቀየምሽኝ?» አለችኝ። «አይ» አልኩ። በላን።

በማግስቱ መኪናዋን በነጠላዬ ጠቅልዬ ማዕከል ወሰድኩና ለኃላፊው አስረከብኩ። እንደ ሥርዓቱ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። ከሳምንት በኋላ ቫርኒሹን ልቀባ ቁልፉን ስጠይቀው «ከእንግዲህ አልነካም ብለሻል እኮ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። የምሬን አይደለም ይላል ብዬ ጠበቅሁ። የምሩን ነበር።

ኤግዚቢሽኑ መሐል ሜዳ በአዳራሽ ተደረገ። ከዘመሮም ከሌላውም የመጡ ትምህርት ቤቶች ጠረጴዛ ይዘዋል። በእኛ ጠረጴዛ መሃል መኪናዋ ተቀምጣለች። ቫርኒሽ ተቀብታለች፣ በደንብ አልተቀባም፣ አንደኛው በግ ላይ ፈሷል። ከፊቷ ካርድ አለ፦ የፈጠራ ሥራ፣ ከአካባቢ ቁሳቁስ፣ ከዚያ የእደ ጥበብ መምህሩ ስም። እኔ የፊደል ገበታዬን ይዤ ከጠረጴዛው ጫፍ ቆሜያለሁ።

ከዞን የመጡት ኃላፊ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ምንድን ናት ይህቺ?»

«የእሽቅድምድም መኪና ናት» አላቸው የእደ ጥበብ መምህሩ።

«በግ ጭና?»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። በጣታቸው የሞተሩን ባና ገለጥ አድርገው መልሰው ሸፈኑ። «ሾፌሮች እንዲህ ያደርጋሉ» አሉ አጠገባቸው ለቆመው ሰው። «ልክ ነው፣ ይህን ያሰበ ሰው አገሩን ያውቃል።» ከዚያ ወንበሩን አዩ።

«ይህን ስፌት ማን ሰፋው? አንተ ነህ?»

እሱ አልተደናገጠም። «እሱን ባለቤቴ ናት ያገዘችኝ» አላቸው።

ይህን ልብ በሉልኝ። ወንድ ስፌት ሰፋሁ ቢል፣ ሱፍ ፈተልኩ ቢል መሳቂያ ይሆናል። በዚያ አዳራሽ ማንም አያምነውም ነበር። እውነቱ የሚወጣበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነበር። እሱ ግን የሴት እጅ መኖሩን አልካደም። ሴቲቱን ብቻ ለወጠ። ባለቤቱ ወስፌ ስትይዝ አይቼ አላውቅም። ኃላፊው «ተባረኩ፣ ባልና ሚስት እንዲህ ሲተጋገዝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው የፊደል ገበታዬን አይተው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው አለፉ።

ጓደኛዬ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ነበር። አየችኝ። ጫማዋን ማየት ጀመረች።

መናገር እችል ነበር። ለምን እንዳልተናገርኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፣ መልሱ ትልቅ ነገር አይደለም። አፌ አልተከፈተም። ወስፌው ሲበርድ እንደማይዘው፣ እንዲሁ። ከአዳራሹ ወጥቼ ወደ ቤት ሄጄ ምስር ለቀምኩ።

በሁለተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። መኪናዋን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩት። አልተቆጣም። መሳቢያውን ስቦ ቃለ ጉባኤውን አወጣና ገጹን ፈልጎ አነበበልኝ። መምህርቷ የሚሠሩት ነገር መጫወቻ መሆኑን አምነው፣ ሥራውን ማቋረጣቸውንና ለማዕከሉ ኃላፊ ማስረከባቸውን አረጋግጠዋል ይላል።

«ፊርማሽ ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ያቋረጥሽውን ሥራ ነው እሱ የፈጸመው። እኔ ምን ላድርግ? ወረቀቱ አንቺ ያልሽውን ነው የሚለው።»

«ቤት የምትጋራኝ መምህርት አይታለች» አልኩ። «ጠይቃት።»

አስጠራት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ስትነካካው አይቻለሁ» አለች። «ማን እንደጨረሰው አላውቅም።» ሐሰት አይደለም። ማን እንደጨረሰው አላየችም።

ቦታው ለእሱ ተሰጠ። ሦስት ክረምት ተመላልሶ ዲፕሎማውን ያዘ፣ ዝውውር ጠየቀ፣ ደብረ ብርሃን ገባ። እኔ ቤት ለይቼ ወጣሁ። ሌላ የዲፕሎማ ቦታ የመጣው ከዓመታት በኋላ ሲሆን ያኔ ዕድሜ ይጠየቅ ጀመር፣ የእኔ አልፎ ነበር። የቀድሞ ባለቤቴን በር፣ እሱ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ልጆቹ አድገው እኔው ክፍል እስኪገቡ ድረስ፣ በየጠዋቱ አለፍኩት። ልጆቹን አስተምሬያቸዋለሁ። አንደኛዋ ጎበዝ ነበረች።

ከጓደኛዬ ጋር ሰላምታ አላቋረጥንም። ለቅሶ እንደርሳለን፣ በዓል ላይ እንገናኛለን። ስለ መኪናዋ አንድም ቀን አልተነሣም። ጡረታዬ ሲቃረብ፣ በአንድ የዐቢይ ጾም፣ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። አርጅታለች፣ እኔም። አልቀመጥም አለች፣ ከዚያ ተቀመጠች።

«መቁረብ ፈልጌ ነው» አለችኝ። «የንስሐ አባቴ የተቀየመሽ ሰው ካለ መጀመሪያ ታረቂ አሉኝ።»

«እኔ ተቀይሜሻለሁ አልኩሽ?»

«ባትዪም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ያን ጊዜ ለእያንዳንዳችን የምንገመግመው ሰው ስም ተሰጥቶን ነበር። ለእኔ አንቺ ደረስሽኝ። እናቴ ታማ ብዙ ቀን ቀርቼ ነበር፣ ታውቂያለሽ። አንቺን ካላነሣሁ እኔን ሊያነሡኝ ነው።»

«ግምገማውን ተዪው» አልኳት። «ያን ሁሉም አድርጎታል። ቢሮ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽውስ?»

ልትነሣ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ይቅር እላለሁ» አልኳት። «አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያየሽውን በወረቀት ጻፊና ፈርሚ። መኪናዋን እሷ ናት የሠራችው፣ እኔ አይቻለሁ በይ። ማኅደሬ ውስጥ ይግባልኝ።»

«አሁን ማን ያነበዋል? ጡረታ ልትወጪ ነው።»

«ማንም አያንብበው።»

«ሰውዬው ታሟል ይባላል። ልጆች አሉት።» ትንሽ አሰበች። «አባ ይቅርታ ጠይቂ ነው ያሉኝ። ወረቀት ጻፊ አላሉኝም።»

እውነቷን ነው፣ አላሏትም። ተነሣች፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ያዝኩ። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ» አለች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሚሰማኝ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠበቅሁ። አልነበረም። እስከ በር ሸኘኋት፣ ውሻው እንዳይነክሳት።

በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ከሴቶች መቆሚያ ሆኜ ስትቆርብ አየኋት። እንዳያደናቅፋት አንዲት ወጣት በክንዷ ይዛታለች። አዲስ ነጠላ ለብሳ ነበር።